ለመጣ ሁሉ መውደቅ

የጡረታ ሽኝቴ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ማይክሮፎኑን ይዞ «ለትምህርት ቤታችን ካራቴን ያስተዋወቁልን አንጋፋ መምህር» ብሎ ጠራኝ። ተጨበጨበ። ተነሥቼ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ፤ ጋቢ ደረቡልኝ፤ ኬክ አስቆረሱኝ። ፊቴ ይስቃል፣ ሆዴ ግን እርር ድብን ብሏል። ካራቴ! ይኸን ሁሉ ዘመን መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ጎኔ እስኪላጥ ያስተማርኩት ጁዶ ነው እንጂ ካራቴ አይደለም። አጠገቤ የተቀመጠችው የድሮ ተማሪዬ ስመኝ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ «ጋሼ፣ ዛሬን እንኳ ይተዉት» ባትለኝ ኖሮ ማይኩን ነጥቄ ላርመው ነበር።

እንግዲያው እዚህ ላርመው። ካራቴ ይመታል፣ ይራገጣል። ደግ ነገር ነው፣ አልጠላውም። ጁዶ ውስጥ ግን መምታት የለም። የሰውየውን ኮሌታና እጅጌ ይዘህ፣ ሚዛኑን አሳጥተህ፣ ትጥለዋለህ። ሁለቱም ከጃፓን የመጡ ናቸው፤ እንደ በግና ፍየል በሏቸው፤ አብረው ይሰማራሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ደመወዝ የበላሁት የስፖርት መምህር ተብዬ ነው። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሲመጣ ተቀብያለሁ፣ ሲዘገይ ተነጫንጬአለሁ። ቅጽ ሙላ ሲሉኝ ሞልቻለሁ። ጁዶው ግን ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ማንም ሳያዘኝ የያዝኩት ሥራ ነው። ከባዱ ነገር ደግሞ ማስተማሩ አልነበረም። ከባዱ ልጅ ማምጣቱና የመጣውን ማቆየቱ ነው። ልጽፍ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

ጁዶን ያስተማሩኝ ጋሽ ዘውዱ ናቸው። ወጣት ሳለሁ፣ አዲስ አበባ መምህርነት ስማር፣ ከማደሪያዬ አጠገብ አንድ የወጣቶች አዳራሽ ነበር። ከውስጡ ዱብ! ዱብ! የሚል ድምፅ ይወጣል። ምን እየወቀጡ ነው ብዬ አንገቴን ባስገባ፣ መሐል ላይ ወጣቶች እየተያያዙ ይጣጣላሉ፤ ዳር ላይ አጭር፣ ደልደል ያሉ ሰው ወለል ይጠርጋሉ። ዘበኛው መስለውኝ «አባባ፣ አስተማሪው የሉም?» አልኳቸው። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ደረታቸው ላይ የተሰካችውን መርፌ ነቅለው ለአንዱ ልጅ አስያዙና «ጫማህን አውልቅና ግባ» አሉኝ። በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌዋ ከደረታቸው አትጠፋም ነበር።

አውልቄ ገባሁ። «በል፣ መጀመሪያ እኔን ጣለኝ» አሉኝ።

«እንዴት አድርጌ?»

«ኮሌታዬን ያዝ። እጅጌዬን ያዝ። አሁን ዞር በልና ወገብህን አስገባ።»

ታገልኩ፣ ጎተትኩ፣ ገፋሁ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ያ ድንጋይ የመሰለ ሰውነት ቀለለኝ። ዱብ! በክንዳቸው ወለሉን መትተው ተዘረሩ። እዚያው ተጋድመው ቀና ብለው አዩኝና «ነገ በስንት ሰዓት ትመጣለህ?» አሉኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እሪ ልል ምንም አልቀረኝም። በማግስቱ ሰዓቱ ሳይደርስ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ይህ አወዳደቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለአዲስ ሰው ዘለህ ብትወድቅለት ያውቅብሃል፤ የስምንት ዓመት ልጅም ቢሆን ያውቅብሃል፤ ተሸወድኩ ብሎ ይሄዳል። ብትገግምበት ደግሞ አልችልም ብሎ ይሄዳል። ጋሽ ዘውዱ ክብደታቸውን ቀስ አድርገው ወደ አንድ እግራቸው ያሳልፉና ይጠብቃሉ። አዲሱ ሰው እየጎተተ፣ እየተሳሳተ፣ ያችን ቦታ ራሱ እስኪያገኛት ይጠብቃሉ። ሲያገኛት የምራቸውን ይወድቃሉ። አገጭ ወደ ደረት፣ ትንፋሽ ወደ ውጭ፣ ክንድ ወለል ላይ ጧ! ለመጣ ሁሉ እንዲህ ይወድቁ ነበር፤ ለሕፃን፣ ለጎረምሳ፣ አንድ ቀን እንዲያውም ቆጣሪ ሊያነብ ለገባ የመብራት ኃይል ሠራተኛ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ተማሪ ሲቀር ቤቱ መሄድ ነበር። ግን «ለምን ቀረህ?» አይሉም። ደጅ ላይ ቆመው «እንደምን ሰነበታችሁ?» ይላሉ፤ ግቡ ካሏቸው ገብተው ውሃ ይጠጣሉ፣ የልጁን እናት ስለ ጤናዋ ይጠይቃሉ፣ ተነሥተው ይወጣሉ። «ለምን ቀረህ ካልከው ምክንያት ይፈጥራል፤ ምክንያት ከፈጠረ ደግሞ እሱን ሲጠብቅ ይኖራል፣ አይመለስም» ይሉኝ ነበር። እውነትም አብዛኛው ልጅ በሳምንቱ አንገቱን ደፍቶ ብቅ ይላል። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ «መጥረጊያውን አቀብለኝ» ይሉታል።

የመጀመሪያ ምድቤ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነበር። ጁዶ ላስተምር ነው ብዬ ባወራ ወጣቱ ግር ብሎ መጣ። ለካስ ፊልም አይተው ኖሯል! «ጡብ የምንሰብረው መቼ ነው?» አለኝ አንዱ። «ጡብ አንሰብርም» አልኩት። «እሺ ጣውላስ?» ጣውላም የለም ስለው ተስፋ ቆረጠ። እኔ ደግሞ የአዲስ መምህር ኩራት አለብኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ በፊሽካ አሰልፌ፣ ቀኑን ሙሉ አወዳደቅ አለማመድኳቸው። በዚያ ሙቀት! ክረምቱ ሳይገባ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ እኔና ፊሽካዬ ብቻ ቀረን። ጋሽ ዘውዱ ጋ ደውዬ አለቃቀስኩባቸው።

«የመጀመሪያው ቀን ምን አደረጋችሁ?» አሉኝ።

«አወዳደቅ አስተማርኳቸው።»

«እነሱ ወደቁ። አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«አንተ ወድቀህላቸዋል ወይ? ነው የምልህ።»

አልወደቅኩም ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ። ሞላሌ ስዛወር ፊሽካዋን ዓለም ከተማ ለአንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሰጥቻት መጣሁ።

ሞላሌ ብርዱ ሌላ ነው። ወረዳው አንድ የቆየ የእህል መጋዘን ለአዳራሽነት ፈቀደልኝ፤ መንገድ ዳር ነው፣ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ በበሩ ያልፋል። መውደቂያ ፍራሽ ግን ከየት ይምጣ? መጀመሪያ ከረጢት ውስጥ የገብስ ጭድ ሞላን። ጭዱ ደቀቀ፣ አቧራው አሳለን፣ ከዚያ አይጡ! አንዷ ልጅ ወድቃ ከተጋደመችበት አይጥ በጆሮዋ ሥር ሲያልፍ ያወጣችው ጩኸት እስከ ገበያው ተሰምቷል። መድኃኒቱ የጓሳ ሣር ሆኖ ተገኘ። ጓሳ ደግሞ ማንም ዘው ብሎ የሚያጭድበት ሜዳ አይደለም፤ ተከልሎ ይከርማል፣ ሽማግሌዎቹ ሲከፍቱት ነው የሚገባው። እስኪከፈት ጠበቅን። ሲከፈት ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወጥተው አጭደው በአህያ ጭነው መጡ። ጠንካራ ሣር ነው፤ ብትወድቅበት ተመልሶ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ጓሳ በተከፈተ ቁጥር ከረጢቶቻችንን አራግፈን እንደገና እንሞላለን፣ የዚያን ሰሞን አዳራሹ ሲሸት ደስ ይላል።

ለመጣ ሁሉ እየወደቅኩ አዳራሹን ሞላሁት። ከዚያ በአንዲት ቃል ባዶ አደረግኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁዶ ሲጀመርም ሲያልቅም ጎንበስ ይባላል። ስትገባ ጎንበስ፣ ከባልንጀራህ ጋር ከመያያዝህ በፊት ጎንበስ፣ ከጣልከው በኋላ ጎንበስ። ጋሽ ዘውዱ አዲስ አበባ ላይ ለዚህ «ስገዱ!» ነበር የሚሉን፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እኔ ሞኙ ያንኑ ቃል ይዤ መንዝ መጣሁ። ልጆቹ ቤት ሲገቡ እናት «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ትላለች። «መጀመሪያ ሰገድን።» «ለማን?» «ለአዳራሹ።» በቃ! ሳምንቱ ሳያልቅ ጎረቤት ለጎረቤት ተነጋግሮ ልጁን ሁሉ አስቀረብኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ እንደምን ሰነበታችሁ ብል በሩ ገርበብ ይልብኛል።

አንድ ቀን ባዶውን አዳራሽ ስጠርግ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። የስመኝ አያት ናቸው። ስመኝ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከኋላቸው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«አንተ መምህር» አሉኝ፣ «ለማን ነው የምታሰግዳቸው?»

«ለ… ለቦታው ነው የኔታ።»

«ለቦታው።» አንዱን ከረጢት በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ውስጡ ምንድን ነው?»

«ሣር ነው። የጓሳ ሣር።»

«ለሣር ታሰግዳለህ?»

ባብራራው ባብራራው እየባሰ የሚሄድ ነገር ሆነብኝ። «የኔታ፣ ከምነግርዎ ቢያዩት ይሻላል» አልኩና ስመኝን ጠራኋት። አያቷን አየች፤ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ጫማዋን አውልቃ መጣች። እሷ ለእኔ ጎንበስ፣ እኔ ለእሷ ጎንበስ አልን። ኮሌታዬን ያዘች፣ ዞረች፣ ዱብ አደረገችኝ። ተነሥቼ እንደገና ጎንበስ ተባባልን።

መሪጌታ ጠጋ ብለው አዩን። ከዚያ «እስቲ ድገሚው» አሏት። ደገመችኝ። ጢማቸው ሥር ሣቅ ሲያመልጣቸው አየሁ።

«ስማ» አሉኝ። «ስግደት የአምልኮ አለ፣ የአክብሮት አለ። እኔ ለይቼ አውቀዋለሁ። እናቶቻቸው ግን ላንተ ብለው መጽሐፍ አይገልጡም። ስግደት ሲሏቸው የሚታያቸው መቅደሱ ነው። ይኸ የምታደርጉት እኮ እጅ መንሣት ነው። ድሮ ታላቅ ሰው ፊት ስንቀርብ የምናደርገው። እዚህ ደግሞ ጣዩ ለወደቀው እጅ ይነሣል፤ እንዲህ ያለውንስ አይቼ አላውቅም። በል ቃልህን አስተካክል።»

«እጅ ንሡ ልበላቸው?»

«እጅ ንሡ በላቸው። የቀረውን ለኔ ተወው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶቹን ሰብስበው ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። ሰኞ ግን ልጆቹ መጡ። ከእናቶቹም አንዷ በር ላይ ቆማ «እጅ መንሣት የምታስተምሩ ከሆነስ ይኸን ስድ አደግ ውሰዱልኝ» ብላ ታናሹን ጨመረችልኝ። እስከ ዛሬ የሞላሌ ጁዶ የሚከፈተው «እጅ ንሡ!» በሚል ቃል ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ለጋሽ ዘውዱ ስነግራቸው ሥቀው ሥቀው፣ በዚያው ሰሞን እሳቸውም ቃሉን ቀየሩ።

ሌላው ልጅ የሚቀንስብኝ ጊዜ ዐቢይ ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ልጅ ከሰዓት በኋላ ተጣጣል ማለት ግፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ዘግቼ እጠብቅ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ግማሹ አይመለስም። ኋላ መላ አገኘሁ። በጾም መጣል ቀረ። ይያያዛሉ፣ በእርጋታ ይዞራሉ፣ ወገብ ያስገባሉ፣ እዚያው ያቆማሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው የባልንጀራቸው ክብደት የትኛው እግሩ ላይ እንዳለ በእጃቸው ያዳምጣሉ። የጾም ጁዶ ብለው ስም አወጡለት። ጎበዝ የወጣው ሁሉ በዚያ ጊዜ ያልቀረው ነው።

ምንዳዬም ከነሱ አንዱ ነበር። ክንደ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የገበሬ ልጅ። እንደሱ ያለ ተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም። የሚጥልህ መቼ እንደሆነ አታውቅም፤ ስትነቃ ጣራውን እያየህ ነው። ደብረ ብርሃን ውድድር ሲዘጋጅ ማንን ልውሰድ ብዬ አላሰብኩም። አባቱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በሕይወታቸው ስፖርት አይተው የማያውቁ ሰው፣ ልጃቸውን ሊያዩ አብረውን ሄዱ። ምንዳዬ ጎንበስ አለ፣ ኮሌታ ያዘ፣ በዚያው ቅጽበት ተዘረረ። አለቀ። ጨዋታው ሳይጀመር ያለቀ ነው የሚመስለው። ስንመለስ አባቱ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም። በፈረሴ ቤታቸው ሄድኩ። እንደምን ሰነበታችሁ አልኩ፣ ጠላ ጠጣሁ፣ ስለ በጎቹ ጠየቅኩ፣ ወጣሁ። ደግሜ ሄድኩ። ክረምት ሄድኩ፣ በጋ ሄድኩ። ይወጣል፣ ፈረሴን ይይዝልኛል፣ እስከ መንገዱ ይሸኘኛል፤ አዳራሹ ግን ድርሽ አላለም። ስንቱን የመለሰ ልማድ እሱን አልመለሰውም። አድጎ መንጃ ፈቃድ አወጣና የመሐል ሜዳ አውቶቡስ ሾፌር ሆነ። በአዳራሹ በር ባለፈ ቁጥር ሁለቴ ጥሩምባ ይነፋል፤ እኔም እጄን አወጣለታለሁ። ያቺ ጥሩምባ ስንት ጊዜ ልቤን እንደበላችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስመኝ ግን ተመለሰችልኝ። ኮሌጅ ጨርሳ፣ ሌላ ወረዳ አስተምራ፣ ተዛውራ ሞላሌ መጣችና ከኔ ጎን ቆመች። ዳሌዬ እምቢ ሲል፣ ሐኪሙም «ከእንግዲህ መውደቅ የሚባል ነገር የለም» ሲለኝ፣ መውደቁን እሷ ወረሰችው። ጡረታ ስወጣም አዳራሹን ለእሷ ስለማስረክብ አልከፋኝም ነበር። ታዲያ ከሽኝቱ ጥቂት ቆይቶ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ምን ሆነሻል?»

«እኔም መውደቅ ላቆም ነው።» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

እልል አልኩ! ሽማግሌ እልል ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግንባሯን ሳምኳት። ደስታው ሲበርድልኝ ግን ሐሳብ ገባኝ። አዲስ ልጅ የሚመጣው በመስከረም ነው። ማን ይወድቅለታል? ትልልቆቹን ተማሪዎች ሞከርን። አልሆነም። እኩያው እኩያውን ቢጥል ምን ይደንቃል? የመጣው ልጅ የሚፈልገው ትልቅ ሰው መጣል ነው። መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ። የቆዩትም ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ እየተበተኑ፣ አዳራሹ እየሳሳ ሄደ። ከወረዳው አንድ ሰው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና «ተማሪ ከሌለ ለመጋዘንነት እንፈልገዋለን» አለን። በትሕትና ነው ያለው፤ ግን አለው። ያን ቀን ስመኝ አለቀሰች። እኔም ቤቴ ገብቼ እህል አልበላ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ለዳሌዬ ቀጠሮ ደብረ ብርሃን ስሄድ የምንዳዬ አውቶቡስ ደረሰኝ። «ጋሼ ጋቢና ይግቡ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ መብራት አብርቶ በቀስታ ይነዳል። ሁለታችንም ወደፊት እያየን ነው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ያኔ ቤታችን ሲመላለሱ…»

«እ?»

«ለምን ቀረህ ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም።»

«አዎ፣ አልጠየቅኩህም።»

«እኔ ፈረስዎን ይዤ፣ ዛሬ ይጠይቁኛል፣ ዛሬስ ይጠይቁኛል እላለሁ። እርስዎ ስለ በጎቹ ጠይቀው ይሄዳሉ።»

ጋሽ ዘውዱ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይኼን አልነገሩኝም። መቶውን የሚመልስ ዝምታ አንዱን እንደሚያስቀር አልነገሩኝም።

«አሁን ልጠይቅህ?» አልኩት። «ለምን ቀረህ፣ ምንዳዬ?»

ማርሽ ቀየረ። «ከውድድሩ ስመለስ አገሩ ሁሉ ‹ምንዳዬ ወደቀ› ይላል። ገበያ ስወጣ ‹ወደቅህ አሉ?› ይሉኛል። አዳራሹ ውስጥ መውደቅ ሥራችን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስንወድቅ እንውላለን። ውጭ ስወጣ ግን ወደቀ ማለት እንደ ፈተናው ነው፤ በቃ፣ አለቀለት ማለት ነው። አባቴም ይሰማል። ‹እሱማ ሥራዬ ነው› ልላቸው እፈልጋለሁ፣ አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል። እርስዎ ቢጠይቁኝ ኖሮ ለእርስዎ ብያት እለማመዳት ነበር።»

አለቀስኩ። እንባዬን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግኩና ስለ ዳሌዬ፣ ስለ ስመኝ ሆድ፣ ስለ አዳራሹ ሁሉንም ነገርኩት። «የሚወድቅ ሰው ጠፍቶ ሊዘጋብን ነው» አልኩት። «ና ውደቅልን።» እንዲህ ለምኜ አላውቅም። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ደብረ ብርሃን ሲያወርደኝም ዳሌዎትን እግዜር ይማርልዎት ከማለት በቀር አልመለሰልኝም።

ሰነባበተ። ጥሩምባዋ እንደ ወትሮዋ ሁለቴ እየነፋች ታልፋለች። ተስፋዬን ቆረጥኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባዩሽ የምትባል ልጅ ከጓሳ በኩል መጣች። አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር። በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን አላወልቅም ብላለች። ስመኝ ከአግዳሚው ሆና «ግቢ የኔ እናት» ትላታለች፤ ልጅቷ ወደ ኋላ ታያለች። ልትሄድ ነው። ይኸን አስተያየት ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ አንድ እግር ውጭ ከሆነ ሌላውም ይከተላል። ከዘራዬን ግድግዳ አስደገፍኩና ኮቴን ማውለቅ ጀመርኩ።

«ጋሼ! እንዳይሞክሩት!» ስመኝ ጮኸች።

«ዝም በይ፣ አንድ ጊዜ ነው።»

«ዳሌዎት ይሰበራል! ጋሼ፣ በመድኃኔ ዓለም!»

በዚህ መሐል ጥሩምባው ተሰማ። ሁለቴ አይደለም፤ አንዴ፣ ረጅም። ፍሬኑ ሲጮኽ፣ በሩ ሲከፈት ሰማን። ምንዳዬ ገባ። ደፉ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ አንደኛው ካልሲው ተቀዷል። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ድሮው እጅ ነሣ። ከስመኝ አንድ የቆየ የጁዶ ጃኬት ተቀብሎ ለበሰ፤ አጥሮት ክንዱ በግማሽ ወጥቷል። ከውጭ ረዳቱ «ምንዳዬ! ተሳፋሪው እየጮኸ ነው እኮ!» ይላል።

ምንዳዬ ወደ ባዩሽ ዞረ። «ጫማሽን አውልቂ» አላት። «በይ፣ መጀመሪያ እኔን ጣይኝ።»

ልጅቷ እስከ ላይ ድረስ አየችው። ጫማዋን አወለቀች። ኮሌታውን እንድትይዝ ጎንበስ አለላት። ጎተተችው፣ ገፋችው። አውቶቡሱ ሰልችቶት የወረደው ሕዝብ በሩን ሞልቶ ያያል። ምንዳዬ አልቸኮለም። ክብደቱን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ እግሩ ሲያሳልፍ አየሁት፤ እኔ አይቼ አውቀዋለሁ፣ እሷ አታውቅም። ጠበቃት። አንዴ ሳተችው፣ ሁለቴ ሳተችው። በሦስተኛው ወገቧን አስገባች።

ዱብ! ክንዱ ሣሩን ሲመታ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ ሾፌሩ ወደቀ!» አለ አንድ ተሳፋሪ በሩ ላይ።

ምንዳዬ እንደተጋደመ ጣራውን አየ። ያቺ ቃል አፉ ላይ ስትደርስ አየኋት። እንዳትመለስ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«እሱማ ሥራዬ ነው!» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው።

ሰዉ ሣቀ፣ ስመኝ ሣቀች፣ የማለቅሰው እኔ ብቻ ነኝ። ባዩሽ ኮሌታውን አልለቀቀችም፤ ፊቷ በርቶ «ልድገመው?» አለች። ረዳቱ እንደገና ጥሩምባውን ነፋ።

ምንዳዬ ተነሣና እጅ ነሣት። «ድገሚኝ» አላት፤ «እነሱ ይጠብቃሉ።»